መጨረሻ የወጣ አይዋሽም

«ዶክተር! እንደተለመደው ሰማያዊዋን ላምጣልህ?»

በመጫወቻው በር ኳስ የምታድለው ልጅ ይህን ያለችው ከመስኮቷ ብቅ ብላ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሷን ገልጣ ነው። ጥርስ ሲያይ የሚውለው ሐኪም ግን ያን ሁሉ ጥርስ ማየት ተስኖት ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

«ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የደበቀው ነገር አለ፤ ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም፣ ፍቅር የያዘው ሰው መሆን ይበቃል። ውሃልክ የተሰጣትን ቀይ ኳስ በመዳፏ ጨብጣ ልጅቷን አየቻት። ጠጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ ያሰረች፣ አንገተ ረጅም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚጠራ ልጅ ናት። አንዲትን እሑድ ለማበላሸት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ነበራት።

ውሃልክ እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሴራሚክ አንጣፊ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጉልበቷ ተንበርክካ የሰው ወለል ስታስተካክል ኖራለች። ጎንበስ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና «በስተግራ ሁለት ሚሊ ወድቋል» ትላለች። አብረዋት የሚሠሩት ወንዶች እየሳቁ ውሃ ልኩን ያስቀምጡና ሳቃቸውን መልሰው ይውጣሉ። እንግዲህ በመሣሪያው ስም ጠሯት፤ አሁን በቤቷም የሚያውቋት በዚሁ ነው።

ሐኪሙን ያገኘችውም በወለል ጠብ ነው። የክሊኒኩን ሴራሚክ አንጥፋ ገና ሳይደርቅ፣ ጌታው በልበ ሙሉነት ተራምዶበት ገባ። እሷም ዶክተር ነው ብላ ሳትፈራ ልክ ልኩን ነገረችው። በማግስቱ የመሣሪያ ሣጥኗ ውስጥ የይቅርታ ደብዳቤ አገኘች፤ በሐኪም እጅ የተጻፈ ስለነበር ግን ከ«ይቅርታ» በቀር አንድም ቃል አልተነበበላትም። ከተቆረጠ ሴራሚክ ጀርባ ላይ በእርሳስ «ፋርማሲ ወስጄ ላስነብበው?» ብላ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ እሱ በወረቀት፣ እሷ በሰባራ ሴራሚክ ሲጻጻፉ ቆዩ። የክሊኒኩ የታችኛው መሳቢያ በሴራሚክ ተሞልቶ አልዘጋ ብሏል።

ከሦስት ሳምንት በፊት «አግቢኝ» አላት።

«መጀመሪያ ቤተሰቦችህ ይዩኝ፣ እኔም ልያቸው» አለችው። «መልሴን የዚያን ዕለት እሰጥሃለሁ።»

ያ ዕለት እነሆ ዛሬ ነው። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እሺ ልትለው ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ትናንት በስልክ «ቦታውን እኔም ረግጬው አላውቅም፤ እህቴ ናት የመረጠችው» ብሏታል። ላለፉት አምስት ቅዳሜዎች ደግሞ «ሕመምተኛ በዛብኝ» እያለ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ይጠፋ ነበር። ከአምስት ቅዳሜ ወደ «እንደተለመደው» የሚያደርሰው መንገድ አጭር ነው፤ ልቧ በአንድ እርምጃ ደረሰበት፣ ደርሶም ቀዘቀዘ።

*

ቦታው «የግዙፉ ሰው ቤት» ይባላል። ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው የትንሽ ጎልፍ መጫወቻ ነው፤ ዕቃው ሁሉ የአንድ ግዙፍ ሰው ዕቃ ሆኖ ከሰው ቁመት በላይ ተሠርቷል። ኳሱ በነጠላ ጫማው ሥር ይሽሎከለካል፣ በማንቆርቆሪያው አፍ ይገባል፣ በማበጠሪያው ጥርሶች መካከል ይሾልካል። መጨረሻው ላይ ግዙፉ ራሱ አፉን በርግዶ ተኝቷል። በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው ማንኮራፋት ግቢውን ያናውጠዋል።

«አፍን ከፍቶ መተኛት ምራቅ ያደርቃል» አለ ሐኪሙ ሊያስቅ ፈልጎ። «ጥርሱን ያስበላው ይኸው ነው።»

የሳቀለት የእህቱ ባል ብቻ ነው። ይህ ሰው መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ተማሪ ብዙ ጊዜ ስላጋጨው ነው መሰል፣ በማንኛውም ነገር ቶሎ ይደነግጣል፣ ቶሎም ይስቃል። እህቱ ፋርማሲስት ናት፤ መድኃኒቱን በማዘዣ ትሸጣለች፣ ምላሷ ግን ያለ ማዘዣ ነው። እናቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆነው ሰው ሲመለከቱ ስለኖሩ፣ መሬት ላይ ቆመውም ቢሆን አስተያየታቸው ከላይ ወደ ታች ነው። ውሃልክን ጨብጠው እጇን ትንሽ አቆዩት። ምን እንደፈለጉበት አልገባትም።

«በኛ ቤት አንድ ደንብ አለ» አለች እህቱ የውጤቱን ካርድና እርሳሱን ይዛ። «ምንም ጨዋታ ይሁን፣ አንደኛ የወጣ መጨረሻ የወጣውን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ ብቻ። መጨረሻ የወጣ አይዋሽም፣ አይሸሽም፣ በቀልድ አያልፍም። እማዬ ‹አምኛለሁ› እስክትል ድረስ መልሱ አላለቀም።»

«አምና ካርታ ስንጫወት እኔ ነበርኩ መጨረሻ» አለ የእህቱ ባል ጭንቅላቱን እያከከ። «ሁለት ዓመት ሙሉ በጎረቤት ሳሳብብ የኖርኩትን የመኪናችንን ጭረት በገዛ አፌ አወጣሁት። የማሽከርከር አስተማሪ ሆኜ፣ ቆሞ ከነበረ በርሜል ጋር!»

ሁሉም ሳቁ፤ ውሃልክም ሳቀች፣ ከአንገቷ በላይ። ነገሩ ገብቷታል። ወጥመዱ ይኸው ነው። ዱላ ጨብጣ የማታውቅ እንግዳ መጨረሻ ትወጣለች፤ ከዚያ ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧትና «የማን ልጅ ነሽ፣ ከልጄስ ምን ፈልገሽ ነው?» ይሏታል። እሱም ይህን እያወቀ አመጣት።

«ጨዋታው መሬት ላይ ከሆነስ እናያለን» አለች በሆዷ። ሆዷ ግን ፈርቶ ነበር።

*

የመጀመሪያው ጉድጓድ ከነጠላ ጫማው ጀርባ ነው። ሁሉም ተራ በተራ መቱ፤ ሁሉም ሦስትና አራት ጊዜ ደክመው አስገቡ። ውሃልክ ተራዋ ሲደርስ ቁጢጥ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ለሌላው ሰው ሜዳ ነው፤ ለእሷ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ወለል ነው፣ ያነጠፈውም ሰው የቸኮለ ነው። ኳሱን ከጉድጓዱ በስተግራ አርቃ መታችው። «ሳተች!» ሲሉ ኳሱ ቀስ ብሎ ተጠማዘዘና ገባ።

«ልማድ ነው ወይስ ዕድል?» አሉ እናቱ።

«የሥራዬ...» ብላ ስትጀምር እህቱ ቀደመቻት።

«እማዬ ደግሞ! ኢንጂነር አይደለች እንዴ? መሬት ማንበብማ ተምራው ነው።»

«እውነትሽን ነው» አሉ እናቱ፤ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «ነግሮኛል እኮ። ኢንጂነር በቤታችን አልነበረንም።»

ውሃልክ ወደ ሐኪሙ ዞረች። የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ብሏል። ጫማው ማሰሪያ የሌለው ዓይነት ነው።

ማስተባበል ትችል ነበር፤ አንድ ቃል ነው። «አይደለሁም፣ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ» ብትል በሥራዋ አፍራ አታውቅም። ግን ያቺን ቃል ያጎደላት እሱ ነው፣ መሙላትም ያለበት እሱ ነው። ቀና እስኪል ጠበቀችው። ቀና ሲል የማንንም ዓይን ሳያይ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሄደ። ውሃልክ ሲሚንቶ የበላቸውን ጣቶቿን ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እጇን ስትደብቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከእሱ ውሸት ይልቅ ይህ አንጀቷን አሳረረው።

*

ሦስተኛው ጉድጓድ ማንቆርቆሪያው ነው። ኳሱ በጡቱ ገብቶ በሆዱ ተንከባሎ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። እናቱ አራት ጊዜ መቱ፤ የእህቱ ባል ሰባት ጊዜ መትቶ ኳሱን ፈልጉልኝ አለ። ሐኪሙ ግን በጡቱ በኩል እንኳ አልሞከረም። ዞር ብሎ ከእጀታው ሥር ወዳለች፣ ማንም ልብ ወዳላላት ትንሽ ግንብ መታ። ኳሱ ግንቡን ነክቶ ተመለሰና በአንድ ምት ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

«መጀመሪያህ ነው አይደል?» አለች ውሃልክ፣ ድምፅዋን ማር አስመስላ።

«ዕድል ነው» አለ።

«ዕድልህ መንገዱን ያውቀዋል።»

ጆሮው ቀላ። ከኳስ መስኮቱ በኩል የዚያች ልጅ ሳቅ ተሰማ፤ በምን እንደሳቀች እግዜር ይወቅ፣ ውሃልክ ግን ለራሷ ተርጉማ ጨርሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ እዚህ ቆመው ታዩዋት። እሱ ዱላውን ሲያስይዛት፣ እሷ ያንን ረጅም አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ። ቅናት የሚያሳየው ሁሉ ከእውነት ይልቅ ጥርት ያለ ነው።

ጥርጣሬ ጆሮ ያሰፋል። አራተኛው ጉድጓድ ላይ፣ ከግዙፉ አልጋ ማዶ፣ የወንድምና የእህት ሹክሹክታ ደረሳት።

«አምስት ቅዳሜ ሙሉ ደክመህ ደክመህ አሁን ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?» አለች እህቱ።

«ዝም በይ፣ ትሰማናለች።»

«ትናገራለህ ወይስ አትናገርም? ዛሬ ካልሆነ...»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

እህቱም ታውቃለች ማለት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አታውቅም። ውሃልክ አልጋውን ተደግፋ ቆመች፤ ትልቅነቱ ለቅሶዋን የሚሰውርላት ይመስል ተጠጋችው። አላለቀሰችም፤ ዱላዋን አጥብቃ ያዘችና ኳሷን በሁለት ምት አስገባች።

*

ማበጠሪያው ዘንድ ሲደርሱ ያዘችው። ሌሎቹ ወደፊት አልፈዋል፤ የማበጠሪያው ጥርሶች እንደ አጥር ጋርደዋቸዋል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ነግሬሻለሁ እኮ፣ ሕመምተኛ...»

«ሰማያዊ ኳስ የምትመርጥልህ ሕመምተኛ?»

የማበጠሪያውን ጥርስ በጣቱ ይነካካ ጀመር።

«እሺ እሱን ተወው። ኢንጂነር የሆንኩት መቼ ነው? ምረቃዬ ላይ ስላልጠራኸኝ ነው ያላወቅሁት።»

«እዚህ አይሆንም፣ እባክሽ።»

«የት ነው የሚሆነው? እዚያ ጉልበቴን ባስቀመጥኩበት ክሊኒክህ ወለል ላይ?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንዳይሰበር ብዙ ታግላ ነበር። «እኔ ከማንም ቤት አጎንብሼ ገብቼ አላውቅም። ሥራዬ ያንበረክከኛል እንጂ ሰው አንበርክኮኝ አያውቅም። አንተ ነህ ዛሬ ያስጎነበስከኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው!»

ሐኪሙ እጁን ወደ እጇ ሰደደ፤ እጇን ሰበሰበችበት። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ሆኗል። ወዲያ እናቱን አየ፣ ወዲህ እሷን አየ፣ ከዚያ ያልጠበቀችውን ነገር ተናገረ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። አንደኛ ውጪ።»

«ምን?»

«ተጫወቺ፣ አትተዪው። እናቴ እንዳትቀድምሽ። እንዴት እንደምለምንሽ...»

«አንተ ልጅ፣ ተራህ ነው!» ሲሉ እናቱ ተጣሩ፤ ቃሉን አንጠልጥሎ ሄደ።

ውሃልክ እዚያው ቀረች። የከፋው ጥርጣሬ አሁን መጣ። እናቱ አንደኛ እንዳይወጡ የሚፈራው ምኑን ሊጠይቁበት ነው? የምትወደው ሰው ዓይኗ እያየ የማታውቀው ሰው ሆነባት፣ ብቻዋን የቆመችም መሰላት።

*

ከዚያ በኋላ የሐኪሙ እጅ ተሳሰረ። እስከ ስድስተኛው ጉድጓድ ድረስ ከሁሉም ቀድሞ የነበረ ሰው፣ ሰባተኛው ላይ ኳሱን ውሃ ውስጥ ጨመረው። ወጥቶ ተሰጠው፤ መልሶ ጨመረው። ስምንተኛው ላይ ኳሱን ከግዙፉ የሻይ ማንኪያ አሥር ጊዜ አወጣና አሥር ጊዜ አገባ።

«ይኼ ልጅ ምን ነካው?» አሉ እናቱ ዓይናቸውን አጥብበው።

«ተዉት እትዬ፣ አይከልክሉት!» የእህቱ ባል ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ዘንድሮ መጨረሻ ላልወጣ ነው!»

ይሁን እንጂ የእህቱ ባል ችሎታ በቀላሉ የሚበለጥ አልነበረም። ምንም ሳይፈልግ፣ ከልቡ እየጣረ፣ ከሐኪሙ እኩል እየወረደ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች ወደ ታች ሲሽቀዳደሙ ማየት በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ደረሱ። ግዙፉ ያንኮራፋል፤ ጉድጓዱ አፉ ውስጥ፣ ከምላሱ ኋላ ነው። እናቱ በሦስት ምት ጨረሱ። እህቱ ጨረሰች። የእህቱ ባል ግንባሩን ጠራርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ምት አገባና ዘሎ ሚስቱን አቀፈ።

የሐኪሙ ኳስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። አንድ ስንዝር አይርቅም። ውሃልክ ወለሉን አየችው፦ ልክ ነው፣ ወዲህም ወዲያም አያዘነብልም፣ ሕፃን በእግሩ ጣት ቢነካው ይገባል። ሐኪሙ ዱላውን አዞረና ኳሱን ወደ ኋላ መታው። ከግዙፉ አፍ ወጥቶ፣ አገጩን ተንከባልሎ፣ ሣሩ ውስጥ ጠፋ።

«መጨረሻ!» ጮኸች እህቱ። «ወንድሜ፣ አበድክ እንዴ?»

እሱ ግን ውሃልክን ነበር የሚያየው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሸሻት የዋለው ዓይኑ አሁን አልሸሸም። ይለምናት ነበር።

ያኔ ገባት። ይህ ሰው መጨረሻ መውጣት ፈልጎ ነው። በራሱ አፍ ማውጣት ያቃተውን ነገር እንድትጠይቀው፣ መሸሽ በማይችልበት ቦታ ራሱን አስሮ አቀረበላት። ሰው እንዲህ ያለ ፈሪ ይሆናል? ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ደፋር ይሆናል? ልቧ ለሁለት ተከፈለ።

«ይቺን ካገባሽ በአንድ ትቀድሚያለሽ» አለች እህቱ ካርዱን እያየች። «ከሳትሽ ከእማዬ እኩል ነሽ፣ እኩል ከሆነ ደግሞ ትልቅ ይቀድማል። ደንብ ነው።»

ከሳተች ጠያቂዋ እናቱ ናቸው፤ እሷ ምንም ሳትሰማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ካገባች ደግሞ ትሰማለች። መስማት መፈለጓን እንጃ። የማይታወቅ ነገር ያሠቃያል፤ የታወቀ ነገር ግን አብሮ ይኖራል። ቁጢጥ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። መታችው፤ ገባ።

ማንም አላጨበጨበም።

*

ከዣንጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ውሃልክ እጆቿን ዳግም ኪሷ ውስጥ ከተተች። ጭማቂው መጣ፣ ማንም አልነካውም። እናቱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው እጃቸውን አጣጠፉ፤ ሠላሳ ዓመት የለመዱት አቀማመጥ ነው።

«ጠይቂው» አሉ።

ሁለት ጥያቄ ነበራት፣ የተፈቀደላት አንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማን ጋር እንደነበር ብትጠይቅ ከጠዋት ጀምሮ የሚበላት ነገር ይወጣላታል። ሌላዋ ሴት ፊቷ ላይ መጣችባት፣ ያ ረጅም አንገቷ፣ ያ ሳቋ። ምላሷን ነክሳ መለሰቻት። አንድ ሰው ሌላ ሴት ቢወድ ልቡን ነው የነሳት። በእሷ ካፈረ ግን እሷን ራሷን ነው የነሳት። ይኼኛውን ማወቅ አለባት።

«ሥራዬ ምንድን ነው?» አለች። «ለእናትህ ንገራቸው።»

እህቱ ሳቀች፤ «ይቺማ ቀላል ናት!» ልትል አፏን ከፍታ የወንድሟን ፊት አየችና ዘጋችው።

ሐኪሙ ተነስቶ ቆመ። ለምን እንደቆመ እሱም አያውቅም።

«ሴራሚክ አንጣፊ ናት» አለ። «ኢንጂነር አይደለችም። የክሊኒኬን ወለል የሠራችው እሷ ናት፣ በገዛ እጇ።»

ግዙፉ ብቻ ያንኮራፋል።

«አላመንኩም» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ እውነቱ ይኸው...»

«ሥራዋን አምኛለሁ፤ ስጨብጣት እጇ ነግሮኛል። ያላመንኩት መልስህን ነው። ግማሽ ነው። ለምን ኢንጂነር ናት አልከኝ?»

«አላልኩም። ‹ምን ትሠራለች?› ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ‹ግንባታ ላይ ናት› አልኩሽ። ‹ኢንጂነር?› አልሽኝ። ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«አፍሬ።»

«በማን?»

ሐኪሙ «በራሴ» ሊል ነበር፤ ከንፈሩ ቃሉን ሲጀምረው ሁሉም አዩት። ከዚያ ውሃልክን አየ፣ ጀመረው፣ ተወው።

«በሷ» አለ።

ቃሉ ትንሽ ነው፤ ደረቷ ላይ ግን እንደ ድንጋይ አረፈ። አመማት። ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው ይህንኑ ነበር፣ ይኸው ልክ ነበረች። የሚገርመው ግን፣ ቀኑን ሙሉ ሆዷን ሲያላምጣት የዋለው ጥርጣሬ በዚያች ቅጽበት ጸጥ አለ። የሚያላምጠው አልቀረለትም።

«ቀጥል» አሉ እናቱ፤ ድምፃቸው ቀነሰ።

«ለአንድ ደቂቃ ነው ያፈርኩት እማዬ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለአንድ ደቂቃ። ከዚያ ግን አንቺ ለጎረቤት አወራሽ፣ እህቴ ለጓደኞቿ አወራች፣ ውሸቱ እግር አወጣ። ዕለት ዕለት ‹ነገ እናገራለሁ› እያልኩ ወራት አለፉብኝ።» ወደ ውሃልክ ዞረ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነበርኩ። ብቻዬን። አምስት ቅዳሜ ሙሉ ስለማመድ ያቺ ኳስ የምታድል ልጅ ስቃብኝ ሞታለች። አንደኛ ወጥቼ አንቺ መጨረሻ ስትወጪ፣ በነሱ ፊት ‹ታገቢኛለሽ?› ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። እሺ ካልሽኝ በኋላ ውሸቱን ልነግርሽ። አየሽ ተንኮሌን? አስቀድሜ ላስርሽ ነበር። ማበጠሪያው ዘንድ ፊትሽን ሳየው ግን... እኔን ለማመን የመጣሽበት ፊት ነበር፣ ዓይኔ እያየ ተዘጋ። ከዚያ ማሸነፍ አልፈለግኩም። ልትጠይቂኝ ይገባል አልኩ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ተቀመጠ።

እናቱ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። ሲናገሩ ለልጃቸው አልነበረም።

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱ እንዲናገር ስጠብቅ» አለች ውሃልክ።

«እኔም አልዋሽሽም፣ ልጄ። ኢንጂነር ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሴራሚክ አንጣፊ ናት ሲሉኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ ብልሽ ውሸት ነው። ጊዜ ይፈልጋል። ጎረቤቱንም በየቤቱ እየዞርኩ ‹ተሳስቻለሁ› ማለት አለብኝ፣ እሱ ደግሞ አይቀልልኝም።» ዱላቸውን አንስተው ቆሙ። «አንድ ነገር ግን ዛሬ ማለት እችላለሁ። ልጄ የዋሸው አንቺ አንሰሽ አይደለም፤ እሱ አንሶ ነው።»

ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

«አምኛለሁ» አሉና ሄዱ። እህቱ ባሏን በክንዱ ጎትታ ተከተለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጥታ ነበር።

ውሃልክ ሆዷ ባባ። እኚህ ሴት አልሸነገሏትም። ቀኑን ሙሉ ከሰማችው ሁሉ ከባዱም ደስ የሚለውም የእሳቸው ቃል ነበር።

*

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ከዣንጥላው ሥር ገብታ ጠረጴዛውን ግማሽ ድረስ ወርሳለች።

«ልሸኝሽ?» አለ በመጨረሻ። «ደግመሽ እንድታይኝ አልጠብቅም። ጥያቄዬንም ረስቼዋለሁ፣ አንቺም እርሺው። እንዲያ ያለ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አጥቻለሁ።»

ውሃልክ እጆቿን ከኪሷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ጥፍሯ ሥር የማይለቅ ነጭ ሲሚንቶ አለ። እሱም አየው፤ ዓይኑን አላነሳም።

«‹በሷ› ነው ያልከው» አለች። «‹በራሴ› ልትል ነበር።»

«አዎ።»

«እሱን ብትል ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር።»

ሐኪሙ የጭማቂውን ብርጭቆ ከፊቱ ገፋ አደረገ።

«አመመኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያመኝ አላውቅም። ሌሊት ነቅቼ የማስበው ይመስለኛል፣ ሥራ ላይም ሆኜ። ወደፊት ስንጣላ አንስቼ እንደምወረውርብህም ዕወቀው፤ ጥሩ ሰው አይደለሁም።» ትንፋሿን ሳበች። «እሺ።»

«ምን እሺ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት ለጠየቅከኝ።»

ሐኪሙ የሰማውን ማመን አቅቶት እጁን ዘረጋ። እጇን አልሰጠችውም።

«ቆይ። እሺ ያልኩህ ስለምወድህ ነው። ይቅር ግን አላልኩህም። ሁለቱን እንዳታምታታ።»

«ይቅር እስክትይኝ እጠብቃለሁ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የፈለገውን ያህል ይፍጅ።»

«መጠበቅማ ግድህ ነው» አለች ውሃልክ። «ባሌ ሆነህ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ።»

ከጠዋት ጀምሮ አምቃ የያዘችው እንባ ወረደ፤ እሷም አላበሰችውም።